የቂሊንጦ መሬት ሁለት ዋጋ

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው፤ በተለይ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደረሰው የእሳት አደጋ ወዲህ። ተማሪ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ይጠራል። ቢራ የሚወድ የዋልያን ፋብሪካ ያነሳል። ለኮንዶሚኒየም ሲቆጥብ የኖረ ደግሞ ዕጣ ቢወጣለት ሊገባበት የሚችለውን ሰፈር ያስባል። እነዚህ ሁሉ የበቀሉት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። የቆሙትም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ሲዘራበት በኖረ ማሳ ላይ ነው።

በሕግ ዓይን ይህ ማሳ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ አልተሸጠም፣ አልተለወጠም። በተግባር ግን ዋጋ ነበረው፤ ያውም ሁለት ዋጋ። አንዱ መንግሥት መሬቱን ለልማት ሲወስድ ከሰብሉ እያሰላ ለገበሬው የሚከፍለው ነው። ሌላው ቤት ያጣ ከተሜ በደላላ በኩል የሚከፍለው ነው። ሁለቱ ዋጋዎች ከዓመት ዓመት እየተራራቁ ሄዱ። የቂሊንጦንና የአጎራባቾቿን የቅርብ ዘመን ታሪክ በአብዛኛው የሠራው ይኸው መራራቅ ነው።

መነሻው አፈሩ ነው። ቂሊንጦ ያለችበት፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የተዘረጋው የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይዞ ያብጣል፣ በጋ ሲወጣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ገበሬው ይህን ጠባዩን ያውቅበታል። ጤፉን ዝናቡ ከጠና በኋላ ይዘራል፤ ሽምብራውንና ጓያውን ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። ያው አፈር ግንበኛን ያስመርራል። እያበጠና እየተኮማተረ ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ፣ ፎቅ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ዋልካውን ዝቆ አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት አለበት። ከተማዋ ለቤት የመረጠችው ሜዳ ለእርሻ የተመቸውን ያህል ለመሠረት አልተመቸም። ቤቶቹ ወደዚያ የሄዱት የአፈሩ ጠባይ ስቧቸው አልነበረም፤ የመሬቱ ርካሽነት ነው የወሰዳቸው።

መሬቱ ግን ሁልጊዜ ርካሽ አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ያለው አገር የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይዞታ ነበር። በደቡብ በኩል ገላን ነበሩ፤ ዛሬ ከአቃቂ ቀጥሎ ያለው ገላን ስሙን የወሰደው ከነሱ ነው። የምኒልክ መንግሥት ሲደላደል መሬቱ በጋሻ እየተለካ ለመኳንንት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተደለደለ። አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። አራሹ በያዘው መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጢሰኛ ሆነ። ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ያገባል፤ አሥራቱም አለ፤ ለጌታው ቤት የሚውለው ጉልበትም አለ።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር እየተፈጠረ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ በከተማ መሬት ላይ የግል ባለቤትነትን አወቀ፤ መሬት ይሸጥ ይለወጥ ጀመር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አቃቂ የባቡር ጣቢያ ሆነች፣ ቆይቶም በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች ተተከሉ። ከዚህ በኋላ መንገድ ዳር ያለ መሬት እንደ እርሻ ብቻ መታየቱ ቀረ። ጋሻ መሬት የነበረው ባላባት ወይም ባለሥልጣን ጥቂቱን ለፋብሪካ፣ ጥቂቱን ለቤት መሥሪያ እየቆረሰ ይሸጣል። ቀሪውን ጢሰኛው እያረሰ ያቆይለታል።

እዚህ ላይ ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቲውነን የተባለውን ጀርመናዊ ባለርስት ማንሳት ተገቢ ነው። ቲውነን በ1826 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ የእርሻ መሬት ኪራይ የሚለካው ለገበያዋ ከተማ ባለው ቅርበት መሆኑን አስረዳ። ከሱ በኋላ የመጡ የምጣኔ ሀብት ሰዎች አንድ ነገር ጨመሩ። ከተማዋ ሰፊ ከሆነች በአጠገቧ ያለ ማሳ ዋጋ የሚይዘው ዛሬ ስለሚያበቅለው እህል ብቻ አይደለም፤ ነገ ሊቆምበት የሚችለው ቤትም ይታሰባል። የእርሻ መሬት ገበያና የመኖሪያ ቤት ገበያ የሚገናኙት በዚህ ተስፋ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ተስፋው የማን ኪስ ይገባል የሚለው ነው። በንጉሡ ዘመን አቃቂ ላይ መልሱ ግልጽ ነበር፤ የባለጋሻው። ጢሰኛው መሬቱ ሲሸጥ የሚደርሰው ካለ ልቀቅ መባል ነበር። በከተማው ውስጥም ቢሆን ክፍፍሉ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት ስለነበረው የአዲስ አበባ ይዞታ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት ከሕዝቡ 5 በመቶ የሚሆነው በግል ከተያዘው መሬት 95 በመቶውን ያህል ይዞ እንደነበር ይገልጻል።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” ብለው አደባባይ ሲወጡ በአእምሯቸው የነበረው የገጠሩ ጢሰኛ ነው። ይሁንና ደርግ መልሱን ሲሰጥ ገጠሩንም ከተማውንም በአምስት ወር ውስጥ ነካ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ በዋስትና እንዳይያዝ ተከለከለ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለመኖሪያ የሚያዝ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥም ወሰነ።

ለቂሊንጦ ጢሰኛ የየካቲቱ አዋጅ ነፃነት ነበር። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከአውድማው ላይ እኩሌታውን የሚጭንበት ባለርስት አልነበረም። የገበሬ ማኅበር ተመሠረተ፤ መሬት ተደለደለ። ዕዳውን ከጊዜ በኋላ ተረዳው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የእህል ኮታ ጥሎ፣ ዋጋውንም ራሱ ቆርጦ መግዛት ጀመረ። ስለዚህ በደርግ ዘመን የአቃቂ ገበሬ መሬቱ ዋጋ የለውም፣ የእህሉ ዋጋም የሱ አይደለም። ኮታው የተነሳው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው።

የቤቱም ገበያ በዚያው ዘመን ተዘግቶ ነበር። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩ የተወረሱ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ለድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ሆነ። በአንጻሩ አከራይቶ ለማትረፍ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። ከተማው በሕዝብ ቁጥር ሲያድግ የቤቱ ቁጥር ወደኋላ ቀረ። የዛሬው የቤት ረሃብ ሥሩ የተተከለው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1978 ዓ.ም. የተዘጋጀው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ደግሞ የከተማዋን ወሰን ወደ ውጭ ገፍቶ የገጠር ቀበሌዎችን አስገባ። የደቡቡ ሜዳ ገበሬ ከቤቱ ሳይነቃነቅ ከተማ መጣለት። ማረሱን አላቋረጠም፤ ግብሩንም እንደ ገበሬ ይከፍላል። መሬቱ ግን በካርታ ላይ የከተማ ማስፋፊያ ሆነ። ይህ በጊዜው ትርጉም የሌለው መስመር ይመስል ነበር። ትርጉሙ የታየው ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

አዲሱ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አቆየ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ደመደመ። በከተማ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጥቶ ነበር። ሊዝ ባለቤትነትን አይሸጥም፤ ለዘመናት የመጠቀም መብትን በጨረታ ይሸጣል። በገጠር መሬት ላይ ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ስለዚህ ከተማና ገጠር የተገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ቂሊንጦን የመሰለ ቦታ፣ መሬት በአንድ ፊርማ ዋጋ ከሌለው ወደ ውድ ዕቃ የሚሸጋገርበት ኬላ ሆነ። ኬላውን የያዘው መንግሥት ነው። ከገበሬው ወስዶ ለተጫራቹ የሚያስተላልፈው እሱ ብቻ ነውና በአንድ ወገን ብቸኛ ገዢ፣ በሌላው ወገን ብቸኛ ሻጭ ነበር።

የገዢው ዋጋ በሕግ የተጻፈው በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 455 ነው። ገበሬው መሬቱን በቋሚነት ሲለቅ ከመነሳቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው ዓመታዊ ገቢ አማካይ ተወስዶ በአሥር ይባዛ ነበር። ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። አንድ ሄክታር ጥሩ ዋልካ በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ሰጠ እንበል፤ ኩንታሉም አንድ ሺህ ብር ወጣ እንበል። የዓመቱ ገቢ 15,000 ብር ነው። በአሥር ሲባዛ 150,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ስለሆነ ገበሬው ለአንድ ካሬ የሚደርሰው 15 ብር ነው። በዚያው ዘመን በከተማው ዳር ለሊዝ ጨረታ የወጡ ቦታዎች በካሬ በሺህ የሚቆጠር ብር ያወጡ ነበር። መርካቶ ውስጥማ በካሬ ከ300 ሺህ ብር በላይ የሰጠ ተጫራች ተገኝቶ ወሬው ለወራት አልበረደም።

አሥር ዓመት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ለገበሬው ያስረዳው አልነበረም። ዓላማው ግን ይገባል፤ ገበሬው ባጣው እህል ልክ ይካስ ነው። ከገበሬው በኩል ስንቆም ስሌቱ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ አሥር ዓመት ያልቃል፤ መሬቱን ለልጁ ሊያወርስ ያሰበ ሰው በሃምሳ ዓመቱ የአሥር ዓመት እህል ተሰጥቶት ነገ ምን እንደሚያርስ አያውቅም። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ስሌቱ መሬቱ ወደ ቤት ሲለወጥ የሚያመጣውን ጭማሪ ጨርሶ አያውቀውም። ጭማሪው ለመንግሥት፣ ለአልሚው፣ ወይም ለባለዕጣው ይተላለፋል።

ለባለዕጣው የሚለው መዘንጋት የለበትም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገው እሱ ነው። በ1996 ዓ.ም. በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ዓላማው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለውን ከተሜ የቤት ባለቤት ማድረግ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈት በቅድሚያ ክፍያና በብድር ድርሻ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ በየገቢው ተደልድሎ የተመዘጋቢው ብዛት ከፊተኛው እጥፍ የሚያህል ሆነ። ይህን ሁሉ ሕዝብ መሃል ከተማ ላይ ማስፈር አይቻልም። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች ገርጂና ጎተራ ነበሩ። ቀጥሎ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ መጡ። ደቡቡ ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ ተከተሉ።

የ20/80 ቤት ለባለዕጣው የሚተመነው በግንባታ ወጪው ነው፤ የመሬቱ ዋጋ በሊዝ ጨረታ ልክ አይታሰብበትም። ይህ ትልቅ ድጎማ ነው። ድጎማውን ማን ሰጠ ቢባል አብዛኛው ሰው መንግሥት ይላል። እውነቱ ግን ከፊሉን የሰጠው በካሬ ጥቂት ብር ተቀብሎ የተነሳው ገበሬ ነው። አንዱ ድሃ ቤት ያገኘው በሌላው ድሃ ማሳ ዋጋ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም። የከተማው ጋዜጦችና ሬዲዮኖች በዕጣው ቀን የባለዕድሉን እልልታ አሰሙን፤ ከካሳ ገማቹ ኮሚቴ ፊት የቆመውን ገበሬ ግን እምብዛም አልሰማነውም።

ኮንዶሚኒየሙ ብቻውን አልመጣም። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ። የኔዘርላንዱ ሄኒከን በደሌና ሐረር ቢራን ከገዛ በኋላ አዲሱን ፋብሪካውን ቂሊንጦ ላይ ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. አስመረቀ። በዚያው ዓመት መስከረም ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። ለመድኃኒት አምራቾች የታሰበው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ 279 ሄክታር ላይ ተወጠነ፤ ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ስለነበረ ባንኩ በሚጠይቀው ሥርዓት ለተነሺዎች የመልሶ ማቋቋሚያ ዕቅድ ተዘጋጀለት። መንገድ፣ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ በተጨመረ ቁጥር ቀሪው ማሳ ለቤት ያለው ዋጋ ሰማይ ይወጣል፤ ለካሳ ያለው ዋጋ ግን ጤፉ ላይ ቆሟል።

በዚህ መሃል ሁለተኛው ገበያ ተወለደ።

ገበሬው የዋህ አይደለም። አጠገቡ ያለው ቀበሌ ሲነሳ ያያል፤ ቀያሾች ችካል ይዘው ሲመጡ ያያል። ዛሬ ካልሸጠ ነገ በካሬ 15 ብር እንደሚወሰድበት ያሰላል። በሌላ በኩል መሃል ከተማ ኪራይ ያማረረው የመንግሥት ሠራተኛ፣ አናጺ፣ የታክሲ ረዳት፣ ከአረብ አገር ገንዘብ የላከች እህት ያለችው ወጣት አለ። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቧል፤ መቼ እንደሚደርሰው ግን አያውቅም። የሊዝ ጨረታ ለሱ አይሞከርም። ሁለቱን ደላላው ያገናኛቸዋል። ለገበሬው ከካሳው አሥር እጥፍ፣ ለገዢው ከሊዙ አንድ አሥረኛ የሆነ ዋጋ በቀላሉ ይገኛል፤ ሁለቱም አተረፍን ብለው ይለያያሉ።

ውሉ የሚጻፈው በጥንቃቄ ነው። መሬት መሸጥ ወንጀል ነው፤ በመሬት ላይ የተሠራ ቤት መሸጥ ግን መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራውን ቋሚ ንብረት ይጠብቅለታል። ስለዚህ ማሳው ጥግ ላይ የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ክፍል ይቆማል፣ ውሉም “የቤት ሽያጭ” ይባላል። አለበለዚያ ስጦታ ይሆናል፤ ገበሬው ለማያውቀው ሰው 200 ካሬ በፍቅር ሰጠ ይላል ወረቀቱ። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ምስክሮች ይፈርማሉ። ፍርድ ቤት ቢደርስ የማይጸና ውል በሰፈር ደንብ ይጸናል። ጨረቃ ቤት የሚባለው ሰፈር በአንድ ሌሊት ብቅ የሚለው ይህ ሁሉ አስቀድሞ በቀን ስለሚያልቅ ነው።

የከተማው አስተዳደር ለነገሩ የሰጠው ምላሽ ራሱ ገበያውን መገበ። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሥርዓት ለማስያዝ የወጡት መመሪያዎች መለኪያ ያደረጉት የአየር ካርታን ነው፤ በመጀመሪያ የ1988ቱን፣ በኋላ የ1997ቱን። ቤቱ ከሰማይ በተነሳው ፎቶ ላይ ከታየ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ካልታየ ይፈርሳል። አሠራሩ ለአስተዳደር ምቹ ነው፣ ለገበያው ግን የተስፋ ቀን ቆረጠለት። ከ1988ቱ በኋላ የ1997ቱ መጣ ካሉ ከሱ በኋላስ ለምን ሌላ አይመጣም? ይህን ያሰበ ገዢ ሁሉ ቆርቆሮውን ይዞ ይወጣል። ብዙዎች ተሳስተው ቤታቸው በግሬደር ፈረሰ። የገዙት ገንዘባቸው አልተመለሰም፤ የሸጠው ገበሬም ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አልቆ ነበር።

የሚደንቀው ደግሞ አጥሩን ተሻግሮ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥም ያው ወረቀት መታየቱ ነው። ባለዕጣው ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክለዋል። እሱም ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስም ይዛወራል። ገበሬው በስጦታ፣ ባለዕጣው በውክልና። በአንድ መንገድ ዳር የማሳና የፎቅ ዋጋ ተገናኝተው አንድ ገበያ ሆኑ፤ ሁለቱም ከመዝገብ ውጭ። ግብር አይከፈልበትም፣ ዋጋው በይፋ አይታወቅም፣ የተጭበረበረ አቤት የሚልበት የለውም።

እንዲህ ያለ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ቻይና በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሻሻለችው የመሬት አስተዳደር ሕግ ለገበሬ የሚከፈለውን ከሦስት ዓመት አማካይ ምርት ያሰላ ነበር፤ ጠቅላላ ካሳውም ከዓመታዊ ምርቱ 30 እጥፍ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ከተሞቹ መሬቱን ለአልሚ እየሸጡ በልዩነቱ መንገድና ባቡር ሠሩ። ገበሬዎቹ በበኩላቸው በማሳቸው ላይ ባልተፈቀደ ፎቅ ቤት እየሠሩ ለከተሜ ሸጡ። በ2019 ሕጉ ሲሻሻል የምርት እጥፉ ስሌት ተነሳ። በአጋጣሚ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያም ሕጓን ቀየረች። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 1161 አሥሩን ወደ አሥራ አምስት አሳደገ፤ የአምስት ዓመት አማካይ መሆኑ ቀርቶም ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው እንዲያዝ አደረገ። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። መለኪያው ግን ያው እህሉ ነው።

ሕጉ ከመቀየሩ በፊት ግን ፖለቲካው ቀድሞ ፈንድቶ ነበር። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ የሚያያይዘው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ በ2008 ዓ.ም. ዳግም ተቀጣጥሎ ፕላኑ በዚያው ዓመት ጥር ተሰረዘ። በሰልፎቹ ላይ የተነሱት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ የማንነትም የሥልጣንም ነበሩ። በሥራቸው ግን የካሬው ሒሳብ ነበረ። ከዙሪያው የተነሳ ገበሬ በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመ ግቢ ዘበኛ ሆኖ መታየቱ ለወጣቶቹ ከማንኛውም መፈክር የበለጠ ይናገር ነበር።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር 51,229 ቤቶችን ዕጣ አወጣ፤ 32,653ቱ የ20/80፣ 18,576ቱ የ40/60 ነበሩ። ከነዚህ ብዙዎቹ ኮዬ ፈጬ ላይ ነበሩ። በማግሥቱ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጣ፤ የክልሉ መንግሥትም ወሰኑ ሳይለይ ዕጣ መውጣቱን ተቃወመ። ዓመታት የቆጠበው ባለዕጣ ቁልፉን ሳይጨብጥ ቀረ፣ ገበሬው ካሳውን ሲያስብ ቆሰለ፤ መንግሥትም ኮሚቴ አቋቋመ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በስምምነት የተለየው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው።

በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ዘመን ለተነሱ ገበሬዎችና ለልጆቻቸው ኮንዶሚኒየም መስጠት ተጀመረ። ሐሳቡ በራሱ ትክክል ነበር፤ ከመሬቱ የተነሳ ሰው መሬቱ ላይ ከበቀለው ድርሻ ያግኝ ነው። አፈጻጸሙ ግን ለከባድ ክስ በር ከፈተ። ተመዝጋቢዎች ተራችን ተነጠቀ አሉ፤ ተቃዋሚው ፓርቲ ኢዜማ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የመሬት ወረራና የቤት ዕደላ ጥናቱን ይዞ ወጣ። በጥር 2013 ዓ.ም. አስተዳደሩ ራሱ ባስጠናው ጥናት ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን አስታወቀ። የትኛው ቤት ለእውነተኛ ተነሺ፣ የትኛው ለባለዘመድ እንደደረሰ መለየት ቀላል አልሆነም። የመሬት ገበያው በስጦታ ስም እንደተሸፈነ፣ የገበሬ ስምም ለሌላ ነገር መሸፈኛ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ለገበሬው አዲስ ነገር አመጣ፤ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደለት። ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማሳ ባንክ ፊት ዋጋ ያለው ሆነ ማለት ነው። ይህ ግን የገጠር መሬት ሕግ ነው። ከ1978ቱ ማስተር ፕላን ጀምሮ በከተማ ካርታ ውስጥ የሚያርስ የአቃቂ ቃሊቲ ገበሬ የገጠር ባለመብት ለመሆን ከተሜ ነው፤ የሊዝ ባለመብት ለመሆን ደግሞ ገበሬ ነው። የይዞታ ካርታ ለማግኘት የሚሰለፈው በከተማው አስተዳደር በር ላይ ነው።

በዚያው 2016 ዓ.ም. የወጣ ሌላ አዋጅም አለ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320። አከራይና ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲዋዋሉ፣ ኪራይም መንግሥት ከሚወስነው ጣሪያ በላይ እንዳይጨምር ያዛል። በቂሊንጦ ዙሪያ ከማሳው ተነስቶ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ አንዱን ኖሮበት የልጁን ድርሻ አከራይቶ የሚተዳደር የቀድሞ ገበሬ ካለ፣ የኪራዩን ጣሪያ የሚነግረው መንግሥት ነው። ዕድሜው ስድሳን የዘለለ ከሆነ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የጤፉን ዋጋ ሲቆርጥ ያስታውሳል።